ስልክዎ ቢጠፋ ምስጢርዎ እንዳይወጣ፦ የስልክ ፋይሎችን የማመስጠር መመሪያ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ስልኩ ውስጥ ምን ይዟል? ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ በዋትሳፕ የላከው የፓስፖርትና የመኖሪያ ወረቀት ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የቦታ ካርታ ቅጂ፣ የሐኪም ውጤት፣ ዓረብ አገር ካለች እህት ጋር በኢሞ የተወራ የቤት ጉዳይ። ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ በብዛት መጓዝ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ቀድሞ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ የነበረው የቤተሰብ ወረቀት ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰነድ በስልኩ ይዞ የሚንቀሳቀሰው ሠራተኛ በርክቷል።

ይህ ስልክ መናኸሪያ ውስጥ ሊሰረቅ፣ ባጃጅ ላይ ሊረሳ፣ መጠገኛ ቤት ሊያድር ይችላል። ስልኩ ገንዘብ ሲገኝ ይተካል። በሰው እጅ የገባ የፓስፖርት ቅጂና የግል ፎቶ ግን አይመለስም። የዚህ መመሪያ ዓላማ ስልኩ ሲጠፋ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በነጻ ስልክዎ ውስጥ አለ። የሚቀረው በትክክል መጠቀም ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ ባትሪው የሞላ ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የጂሜይል አድራሻዎና የይለፍ ቃሉ። ጂሜይሉን የከፈተልዎ የሞባይል ቤት ሠራተኛ ከሆነና የይለፍ ቃሉን ካላወቁት፣ ዛሬውኑ በራስዎ እጅ ይቀይሩት። ያለዚያ ከታች የምናነሳቸው ነገሮች በሌላ ሰው እጅ ላይ ይቆማሉ።

ምስጠራ ምን ይሠራል?

የቴክኖ፣ የአይቴል፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ስማርት ስልኮች ሁሉም የሚሠሩት በአንድሮይድ ነው። አንድሮይድ ደግሞ የተገነባው በሊነክስ ከርነል ላይ ነው። ፋይሎችን አንድ በአንድ የማመስጠሩ ችሎታም ከዚያው ከከርነሉ የሚመጣ ነው። የተመሰጠረ ፋይል ያለ ቁልፉ ሲነበብ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ሌባ ስልኩን ፈትቶ የማከማቻውን ቺፕ ቢያወጣ እንኳ የሚያገኘው ይህንኑ ክምር ነው።

ቁልፉ የሚገኘው ከሁለት ነገሮች ጥምረት ነው። አንዱ እርስዎ የሚያስገቡት ፒን ወይም የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው በስልኩ ማቀነባበሪያ ቺፕ ውስጥ ያለና ከዚያ እንዳይወጣ ሆኖ የተሠራ ምስጢር ነው። በዚህ ምክንያት ሌባው ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ በሚሊዮን የሚቆጠር ፒን በሰከንድ መሞከር አይችልም። ሙከራውን በራሱ በስልኩ ላይ ማድረግ ይኖርበታል፤ ስልኩም ከጥቂት ስህተት በኋላ እያዘገየ ያስጠብቀዋል።

ሁለት ገደቦችን ከመነሻው ይወቁ። የመጀመሪያው፣ ምስጠራው የሚጠብቅዎ ስልኩ ሲቆለፍ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ኃይሉ ሲጠፋ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ፣ ፒኑ እስኪገባ ድረስ የግል ፋይሎችዎ ሙሉ በሙሉ የተዘጉ ናቸው። ፒኑ አንዴ ከገባ በኋላ ግን ስልኩ ቢቆለፍም ቁልፉ በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ረጅም መንገድ ሲነሱና ስልኩን በቦርሳ ሲያስቀምጡ፣ ወይም ለጠጋኝ ሲሰጡ፣ አጥፍተው ይያዙት። ሁለተኛው፣ ምስጠራው ከስልኩ የሚወጣውን አይከተልም። በቴሌግራም የላኩት ፎቶና በሚሞሪ ካርድ ያለው ፋይል ከጥበቃው ውጭ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ስልክዎ የተመሰጠረ መሆኑን ያረጋግጡ

ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ክፍል ይክፈቱ፤ የአንድሮይዱን ቁጥር ያንብቡ። ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ከወጣ የተመሰጠረ ነው። ጉግል አንድሮይድ 10ን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያወጣ፣ በእሱ ተጭኖ የሚወጣ አዲስ ስልክ ሁሉ የተጠቃሚውን መረጃ እንዲያመሰጥር ያለ ልዩነት ግዴታ አድርጓል።

ከዚያ በፊት ርካሽ ስልኮች ከግዴታው ውጭ ነበሩ። ምክንያቱ የተለመደው የምስጠራ ስልት ኤኢኤስ ለደካማ ማቀነባበሪያ ከባድ መሆኑና ስልኩን ማዘግየቱ ነበር። ጉግል በዚያው ዓመት አዲያንተም የተባለ ቀላል ስልት ለእንዲህ ዓይነት ስልኮች አስተዋወቀ። ስለዚህ ዛሬ በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ አዲስ ስልክም ምስጠራ አለው፤ የዋጋው ማነስ ሰበብ አይሆንም። ነገር ግን በአንድሮይድ 8 ወይም 9 ወጥቶ በኋላ ወደ 10 ያደገ ስልክ ላይመሰጠር ይችላል።

እርግጠኛ ለመሆን በሴቲንግ ውስጥ ደህንነት የሚለውን ክፍል ይክፈቱና ምስጠራ የሚል መስመር ይፈልጉ። በብዙ ስልኮች ላይ ከሥሩ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑ ተጽፏል።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ይህን ይሞክሩ። ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። የሲም ፒን ከጠየቀዎ እሱን ያስገቡ፤ የስክሪኑን ፒን ግን አያስገቡ። በስልክዎ ስሙን የመዘገቡት ሰው አጠገብዎ ሆኖ ይደውልልዎ። አብዛኛውን ጊዜ በተመሰጠረ ስልክ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይመጣል፤ ስሙ አይታይም። የስም ዝርዝርዎ ገና ስላልተፈታ ስልኩ ራሱ የደዋዩን ማንነት አያውቅም ማለት ነው። ፒኑን አስገብተው እንደገና ቢደወልልዎ ስሙ ይመጣል። ስሙ ከመጀመሪያው ከታየ ግን ወደ ደረጃ 3 ከመሄድዎ በፊት የምስጠራውን መስመር በጥንቃቄ ያንብቡ።

ደረጃ 2፦ ጠንካራ መቆለፊያ ያድርጉ

ጥበቃው የሚላላው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ በጣት በመጎተት ብቻ የሚከፈት ስልክ የተመሰጠረ ቢሆንም ለማንም ክፍት ነው፤ ቁልፉ የእርስዎን ፒን ስለማይጠብቅ ስልኩ ሲበራ ፋይሉ አብሮ ይፈታል።

አራት አኃዝ ያለው ፒን 10,000 አማራጭ አለው፤ ስድስት አኃዝ ያለው 1,000,000። ልዩነቱ ሁለት አኃዝ ነው፤ የሌባውን ሥራ ግን መቶ እጥፍ ያከብዳል። ፓተርን የሚባለው የመስመር ስዕል 389,112 አማራጭ ቢኖረውም፣ ሰው የሚስለው የተለመዱ ጥቂት ቅርጾችን ነው። የጣት ቅባቱም በስክሪኑ ላይ ምልክት ይተዋል፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰውም በአንድ እይታ ይይዘዋል። ስለዚህ ፓተርኑን ትተው ቢያንስ ስድስት አኃዝ ያለው ፒን ይምረጡ።

ፒኑ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር መጨረሻ ወይም የልጅ ልደት ቀን አይሁን። የቅርብ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚህን ነው። የቴሌብር ወይም የባንክ ፒንዎንም አይድገሙት፤ አንዱ ሲታወቅ ሁሉም እንዳይከፈት።

ስልክዎ የብዙ ሰው መረጃ የሚይዝ ከሆነ ከፒን ይልቅ የፊደል የይለፍ ቃል ይጠቀሙ። ይህ በተለይ ለሐኪሞች፣ ለጠበቆች፣ ለጋዜጠኞችና ለቢሮ ኃላፊዎች ይመለከታል። ለአካባቢያችን ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለ። የአንድሮይድ የስክሪን የይለፍ ቃል የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። ሀዲይሳና ከምባትኛ ግን በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ እንዳሉ ይገባሉ። የይለፍ ቃል ሰባሪዎች የሚጠቀሙባቸው ዝርዝሮች በዋናነት በእንግሊዝኛና በሌሎች ትላልቅ ቋንቋዎች ቃላት የተሞሉ ናቸው። እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት የሀዲይሳ ወይም የከምባትኛ ቃላትን ከቁጥር ጋር ያያይዙ። ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የመዝሙር ስንኝ ወይም የቀበሌ ስም አይጠቀሙ። ብዙ ስልኮች ከ16 ፊደል በላይ ስለማይቀበሉ አጠር ያሉ ቃላት ይምረጡ።

የጣት አሻራ በየደቂቃው ፒን ከመጻፍ ያድናል፤ በሰው መሀል ፒንዎ እንዳይታይም ይረዳል። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ግን አሻራ አይሠራም፤ ፒኑ ግድ ነው። ስለዚህ ፒኑን እንዳይረሱት። ከረሱት በሆሳዕናም ሆነ በአዲስ አበባ ፋይሉን የሚመልስልዎ ጠጋኝ የለም። ፎርማት አድርጎ ስልኩን ሊያስነሳልዎ ይችል ይሆናል፤ ያኔም ስልኩ የጂሜይሉን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ፒኑን በወረቀት ጽፈው ቤት በሚቆለፍ ቦታ ያኑሩ። ስልክ የሚሰረቀው ገበያና መናኸሪያ ላይ ነው፤ ቤት የቀረ ወረቀት ለመርሳት መድኃኒት ነው። ወረቀቱን በስልኩ ሽፋን ውስጥ ግን በጭራሽ አይክተቱ።

በመጨረሻም ስክሪኑ በ30 ሰከንድ ውስጥ ራሱን እንዲቆልፍ፣ የመልእክት ይዘት በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ያስተካክሉ። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በመልእክት ነውና።

ደረጃ 3፦ ስልኩ አሮጌ ከሆነ ራስዎ ያመስጥሩት

በአንድሮይድ 5 እስከ 9 ባሉ ብዙ ስልኮች ላይ ስልኩን ማመስጠር የሚል ትእዛዝ በደህንነት ክፍል ውስጥ ይገኛል። ሥራው አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ስለምንኖር ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ።

መጀመሪያ አስፈላጊ ፋይሎችን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ቀጥለው ፒን ያስገቡ። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ይሙሉ፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይቆይ፤ ካለዎት ፓወር ባንክ አጠገብዎ ያድርጉ። የሞላ ባትሪ ካለ መብራት ቢጠፋም ሥራው ይቀጥላል። ባትሪው ያረጀና በድንገት የሚያጠፋ ስልክ ከሆነ ግን ይህን ሥራ አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ባትሪውን ያስቀይሩ። ካመሰጠሩ በኋላ ስልኩ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ያንን መታገሥ ይሻላል። ትእዛዙ ከሌለ በዚያ ስልክ ውስጥ ሚስጥራዊ ሰነድ አያስቀምጡ፤ ወይም በደረጃ 5 እንደተገለጸው ፋይሉን ለብቻው ይቆልፉ።

ደረጃ 4፦ ሚሞሪ ካርዱን ይለዩ

ስልኩ የተመሰጠረ ቢሆንም ሚሞሪ ካርዱ በተለመደው አሠራር አይመሰጠርም። ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሰካ ማንኛውም ሰው ሁሉንም ያነባል፤ ፒን አይጠየቅም። እኛ ዘንድ ደግሞ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መዝሙርና ፊልም ለማስጫን ለሞባይል ቤት እንሰጠዋለን፣ ፎቶ ለማሳጠብ እንወስደዋለን፣ ለጓደኛ እናውሳለን።

ስለዚህ ዛሬ የካሜራውን ሴቲንግ ከፍተው ፎቶ በስልኩ ውስጥ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ በካርዱ ላይ አይሁን። ቀጥሎ በካርዱ ላይ ያሉትን የግል ፎቶዎችና ሰነዶች ወደ ስልኩ ያዛውሩ። ከዚያ ካርዱን ፎርማት ያድርጉ። ይህም ብቻውን አይበቃም። ፋይል ሲጠፋ የሚነሳው መዝገቡ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት በቦታው ይቆያል፣ መመለሻ ፕሮግራምም ያወጣዋል። ካርዱን እስኪሞላ በመዝሙር ወይም በቪዲዮ ይጫኑት፤ የቀድሞው ይዘት አብዛኛው ይሸፈናል። ከዚህ በኋላ ካርዱ ማንም ቢያየው ግድ የማይሰጥዎን ብቻ ይያዝ።

የስልክዎ ቦታ ጠቦ ሰነድ በካርዱ ላይ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ በአንዳንድ ስልኮች ካርዱን የስልኩ የውስጥ ማከማቻ አድርጎ መቅረጽ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ካርዱ ይመሰጠራል፤ በሌላ ስልክ ላይ አይነበብም። ሳምሰንግ በብዙ ስልኮቹ ላይ ካርዱን ብቻ የሚያመሰጥር ትእዛዝ አስቀምጧል። በሁለቱም መንገድ ቁልፉ ያለው በስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ቢበላሽ ወይም ፎርማት ቢደረግ ካርዱም አብሮ ይጠፋል። ቅጂ ሳይዙ ይህን አያድርጉ።

ደረጃ 5፦ ዋና ዋና ሰነዶችን ለብቻቸው ይቆልፉ

ስልክ በቤተሰብ መካከል ይዞራል፤ ልጅ ይጫወትበታል፣ ጎረቤት ይደውልበታል። የተከፈተ ስልክ ውስጥ ደግሞ ምስጠራው ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ፓስፖርቱ፣ የቦታ ካርታውና የሐኪም ውጤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል።

ቀላሉ መንገድ የጉግል ፋይልስ መተግበሪያ ውስጥ ያለው በፒን የሚቆለፍ አቃፊ ነው። ሳምሰንግ ያላቸው ሰዎች ሴኪዩር ፎልደር የተባለውን ይጠቀሙ፤ የራሱ ምስጠራ አለው። የእነዚህ አቃፊዎች ፒን ከስክሪኑ ፒን የተለየ ይሁን። ከፕሌይ ስቶር ፎቶ ደባቂ እየተባሉ የሚወርዱትን ሁሉ ግን አይመኑ። ብዙዎቹ የፋይሉን ስም ቀይረው ከጋለሪ ይሰውሩታል እንጂ አያመሰጥሩትም።

ሁለተኛው መንገድ ፋይሉን የትም ቢሄድ ቁልፉ አብሮት እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። ዛርቺቨር የተባለውን ነጻ መተግበሪያ ይጫኑ። ሰነዶቹን በአንድ አቃፊ ይሰብስቡ፣ አቃፊውን ተጭነው ይያዙ፣ ማመቅ የሚለውን ይምረጡ። የፋይሉን ዓይነት ሰባት-ዚፕ ያድርጉት፤ የቆየው የተለመደው ዚፕ የይለፍ ቃሉ ጥበቃ ደካማ ነው። የይለፍ ቃል ያስገቡ፤ የፋይሎቹ ስም ጭምር እንዲመሰጠር የሚያደርገውን ምርጫም ያብሩ። እዚህ ላይ የፊደል ብዛት ገደብ ስለማያስጨንቅዎ አራት ወይም አምስት ቃላት ይደርድሩ። ይህ ፋይል ሲሰበር ስልኩ የሚያዘገየው ነገር የለም፤ ጥበቃው በቃላቱ ርዝመት ብቻ ነው።

ፋይሉ ሲጠናቀቅ ከፍተው ይሞክሩት። ሰነዶቹ በትክክል ከተከፈቱ ብቻ ዋናዎቹን ያጥፉ፣ የጋለሪውን የቆሻሻ መጣያም ባዶ ያድርጉ። ጉግል ፎቶስ የተጠፋ ፎቶ እስከ 60 ቀን ያቆያልና።

ለልጅዎ ወደ ጆሃንስበርግ ሰነድ ሲልኩ ይህንኑ የተቆለፈ ፋይል ይላኩ። የይለፍ ቃሉን ግን በዚያው መልእክት አይጻፉ፤ ደውለው በቃል ይንገሩት።

ደረጃ 6፦ ሲም ካርዱንና አካውንቶቹን ይቆልፉ

ፋይሉን የማይከፍት ሌባ ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ላይ ይከታል። የቴሌግራምና የዋትሳፕ የማረጋገጫ ኮድ ለእሱ ይመጣለታል፤ ምስጠራውን ሳይነካ ወደ መልእክትዎ የሚገባበት በር ይህ ነው።

በሴቲንግ ውስጥ የሲም መቆለፊያውን ያብሩ፤ ከሲሙ ጋር የተሰጠዎን ፒን አስገብተው በራስዎ ይቀይሩት። ፒኑን በግምት አይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ፑክ በሚባለው ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ነው። ቀጥሎ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ውስጥ ሁለተኛ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ኮዱ ብቻውን አካውንትዎን አይከፍትም።

ደረጃ 7፦ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ

ምስጠራ ሌባውን እንደሚያግድ ሁሉ፣ ስልኩ ሲበላሽ ባለቤቱንም ያግዳል። ቁልፉ በራሱ በስልኩ ቺፕ ውስጥ ስላለ የማከማቻ ቺፑን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወር አይጠቅምም። ቅጂ የሌለው ምስጠራ ራስን ከቤት ውጭ መቆለፍ ይሆናል።

በደረጃ 5 የሠሩትን የተቆለፈ ፋይል በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። አንዱን በጉግል ድራይቭ ወይም በቴሌግራም የራስ መልእክት ሳጥን፣ ሌላውን ቤት በሚቀር ፍላሽ ላይ። ፋይሉ አስቀድሞ ስለተመሰጠረ ቦታው ብዙ አያሳስብም። የዋትሳፕ መልእክት በጉግል ድራይቭ ላይ የሚቀመጥልዎ ከሆነ፣ የመጠባበቂያውን ምስጠራ በዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ ያብሩ፤ ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አለ። በየሦስት ወሩ አንዴ ቅጂውን ከፍተው ያረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ሲያስጠግኑ፣ ሲሸጡ፣ ሲጠፋብዎ

ሲያስጠግኑ፦ ስክሪን፣ ባትሪ ወይም የቻርጅ ማስገቢያ ለመቀየር ጠጋኙ ፒንዎን አያስፈልገውም። ስክሪኑ መሥራቱን በተቆለፈው ገጽ ላይ ቁጥር በመንካት መፈተሽ ይችላል። ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥተው፣ ስልኩን አጥፍተው ይስጡ። ሥራው የተከፈተ ስልክ የግድ ከፈለገ አጠገቡ ቆመው ይክፈቱለት። አዳዲስ ሳምሰንግ ስልኮች የጥገና ሁነታ አላቸው፤ ሲበራ ስልኩ ይሠራል፣ የግል ፋይሎች ግን አይታዩም። ፒንዎን አሳልፈው ሰጥተው ከሆነ ስልኩን እንደተረከቡ ይቀይሩት።

ሲሸጡ፦ መጀመሪያ የጂሜይል አካውንቱን ከስልኩ ያስወጡ፤ ካልሆነ ገዢው ስልኩን መክፈት ይቸገራል። ሲምና ሚሞሪ ያውጡ። ቀጥሎ ከሴቲንግ ውስጥ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ይመልሱት። የተመሰጠረ ስልክ እንዲህ ሲደረግ ቁልፉ ይደመሰሳል፤ የቀረው ይዘት ማንም የማያነበው ይሆናል። ስልኩ ያልተመሰጠረ አሮጌ ከሆነና ትእዛዙ ካለው፣ መጀመሪያ አመስጥረው ከዚያ ፎርማት ያድርጉት።

ሲጠፋብዎ፦ መጀመሪያ ሲሙን ያዘጉ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ፣ የሳፋሪኮም ደንበኛ ከሆኑ ቅርብ ወዳለው ሱቅ ይሂዱ። ባንክዎንና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትዎንም ያሳውቁ። ከሌላ ስልክ ላይ በጉግል አካውንትዎ ገብተው የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ይክፈቱ፤ ስልኩ ኢንተርኔት ካገኘ ከሩቅ መቆለፍ ወይም ይዘቱን ማጥፋት ይቻላል። ለፖሊስ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት ባለ 15 አኃዙን የስልኩን መለያ ቁጥር ነው። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውለው ዛሬውኑ በወረቀት ይመዝግቡት።

የሌሎችን መረጃ ለምትሰበስቡ

የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በየቀበሌው እየዞሩ በስልክ መጠይቅ ይሞላሉ። በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በየጤና ጣቢያው ባለሙያ የኤክስሬይ ፎቶ ለባልደረባው ሊልክ ይችላል። የዚህ መረጃ ባለቤት መልስ የሰጠው አባወራና የታመመችው እናት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ በሚሰበስበው ላይ የጥበቃ ኃላፊነት ይጥላል።

ኦዲኬ ወይም ኮቦ በተባሉት የመጠይቅ መተግበሪያዎች ለምትሠሩ መፍትሔ አለ። መጠይቁን የሚያዘጋጀው ሰው የአደባባይ ቁልፍ በቅጹ ላይ ካስገባ፣ የተሞላው መጠይቅ ሲጠናቀቅ እዚያው ስልክ ላይ ይመሰጠራል። የሚፈታውም የግል ቁልፉን በያዘው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ስልኩን መንገድ ላይ ቢጥለው የተጠናቀቁት መልሶች አይነበቡም። አስተባባሪዎች ይህን ሳያደርጉ ሰው ወደ መስክ አይላኩ። የሕመምተኛ ፎቶ ደግሞ ስምና የካርድ ቁጥር ሳይታይበት ይነሳ፤ ሥራው ሲያልቅ ከስልኩ ይጥፋ።

ሙሉ የሊነክስ ስልክ መሞከር ለምትፈልጉ

ከኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ወጣቶች ፖስትማርኬት ኦኤስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና በአሮጌ ስልክ ላይ መጫን የሚሞክሩ ይኖራሉ። እዚህ ምስጠራው፣ በላፕቶፕ ላይ እንዳለው ሊነክስ ሁሉ፣ ሉክስ በተባለው ስልት ነው፤ የሚመረጠውም በመጫን ጊዜ ነው። ስልኩ በተነሳ ቁጥር የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል። ከአንድሮይድ የሚለየው ዋና ነገር ቁልፉ በተለመደው አሠራር ከቺፑ ጋር አለመጣመሩ ነው። ማከማቻው ተገልብጦ በኃይለኛ ኮምፒውተር ሊሞከር ስለሚችል ስድስት አኃዝ እዚህ አይበቃም፤ ረጅም የይለፍ ሐረግ ግድ ነው። ሉክስ ከአንድ በላይ የይለፍ ቃል ስለሚቀበል ሁለተኛ ቃል ጨምረው በወረቀት ያኑሩ፤ የማከማቻውን መነሻ ክፍል ቅጂም ውጭ ያስቀምጡ፤ እሱ ከተበላሸ ትክክለኛው ቃል እንኳ አይከፍተውም።

ለእናትና ለአባት ስልክ

በብዙ ቤት የልጆቹ ሰነድ ሁሉ የሚከማቸው በእናት ወይም በአባት ስልክ ላይ ነው፤ ያ ስልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቆለፊያ የለውም። በዓል ወይም ዕረፍት ላይ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዶዮገና ወይም ወደ ጃጁራ ስትሄዱ ግማሽ ሰዓት ስጧቸው። ፒኑን እናንተ አትምረጡላቸው፤ ራሳቸው የሚያስታውሱትን ስድስት አኃዝ ይምረጡ፣ ደጋግመው በእጃቸው ያስገቡት፣ በወረቀት ይጻፍላቸው። አሻራቸውን አስገቡላቸው፤ በእርሻ ሥራ የተላላጠ ጣት ላይታወቅ ስለሚችል የሁለቱንም እጅ ጣት መዝግቡ። ሚሞሪያቸውን መዝሙር ብቻ የሚይዝ አድርጉላቸው። የሰነዶቹን የተቆለፈ ፋይል እናንተም ዘንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

ጊዜ ካጠረ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ባለ ስድስት አኃዝ ፒን፣ ሚሞሪውን ከግል ፋይል ማጽዳት፣ የሲም መቆለፊያ፣ የሰነዶች ቅጂ። አራቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ፤ ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ሊደርስ ይችላል።